ከጥድ አጥሩ ማዶ የተማረው ቡችላ

ቀናተኛ ነኝ። ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ስናገር አላፍርም፤ ያኔ ግን ማንም ቢነግረኝ እጣላው ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳንርቅ፣ ከቀበሌ በተከራየናት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ስንኖር መጀመሪያ በአንድ ቡችላ ቀናሁ። ቀጥዬ ደግሞ በዚያው ቡችላ ምክንያት በጎረቤቴ ቀናሁ። የመጀመሪያው ቶሎ አለፈልኝ። ሁለተኛው ግን ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

ቡችላውን ያመጣው ባለቤቴ ነው። የአውሮፕላን ቴክኒሺያን ነበር። አብሮት የሚሠራ አንድ ፈረንጅ ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ሴቷ ውሻው ከወለደቻቸው ቡችሎች አንዱን ሰጠው። ላብራዶር የሚባል ዘር ነው አለኝ። ቀለሙ ደህና የበሰለ ድፎ ዳቦ ይመስላል፣ ጆሮዎቹ ተንጠልጥለዋል፣ መዳፎቹ ከሰውነቱ ጋር ጨርሶ የማይመጣጠኑ ትልልቅ ናቸው። ፈረንጁ ውሻ እንዴት ታዛዥ እንደሚሆን የምታስተምር በሥዕል የተሞላች ቀጭን መጽሐፍም ጨምሮለታል። ባለቤቴ ቁጭ ብሎ ዋና ዋናውን በአማርኛ ገለበጠልኝ። ትእዛዞቹ አራት ነበሩ፤ ቁጭ በል፣ ቆይ፣ ና፣ ተው። ከሥራቸው ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ “በየቀኑ ሩብ ሰዓት፣ ሳይቆጡ፣ ትንሽ ሥጋ በእጅ ይዞ” ብሎ ጻፈበት።

የጻፈልኝ እሱ ስለማይኖር ነው። ለሦስት ወር ሥልጠና ወደ ውጭ ሊሄድ አንድ ሳምንት ብቻ ነበር የቀረው። በዚያች ሳምንት ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ግቢው ውስጥ ይንበረከክና ትምህርቱን ይጀምራል። ቡችላው አንዴ እንደ ምንም ቂጡን መሬት ካስነካ “ጎሽ! ጎሽ የኔ አንበሳ!” እያለ ራሱን ይደባብሰዋል። እኔ በኩሽናው በር ቆሜ አያለሁ። ከተጋባን አራት ዓመት አልፎን ነበር። ስንት ወጥ ሠርቼ፣ ስንት ሸሚዝ ተኩሼ አንድ ቀን “ጎሽ” ያለኝን አላስታውስም። “ይጥማል” ይላል፣ በጣም ሲበዛ።

አራት ዓመት ሙሉ ልጅ አልወለድንም። በግልጽ የሚጠይቀን አልነበረም፤ ግን የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ስቀመጥ ወደ ሆዴ የሚሄዱት ዓይኖች ይታወቁኛል። ባለቤቴም አንድም ቀን ተናግሮኝ አያውቅም። ያ አለመናገሩ ነበር ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ። ያንን ሁሉ ለእኔ የነፈገኝን ጨዋታ ለቡችላ ሲያወጣው ሳይ ቀናሁ።

አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኘው እንኳ መጨረሻ ላይ ያለኝ “ስመለስ ቁጭ በል ሲባል ቁጭ የሚል ውሻ ላግኝ እንግዲህ” ነው። የመጀመሪያ ደብዳቤው በአንዲት የበረራ አስተናጋጅ እጅ መጣልኝ። ሦስተኛው መስመር ላይ “ቡችላው እንዴት ነው?” ይላል። አምስተኛው መስመር ላይ “አንቺስ ደህና ነሽ?” ይላል። ደብዳቤውን አጥፌ ቡችላውን አየሁት። እሱ የግራ እግር ጫማዬን ይዞ ከአልጋው ሥር ገብቷል።

ያን ቀን አንድ ነገር ወሰንኩ። ይህን ውሻ ባለቤቴ ራሱ ካሰበው በላይ አሠለጥነዋለሁ። ሲመለስ ውሻው ለእኔ ቃል ብቻ ሲታዘዝ፣ ከእኔ እግር ሥር ሲቀመጥ ያየዋል። ልጅ ባልሰጠው ይህን አሳድጌ አሳየዋለሁ፤ ያቺን “ጎሽ” ከአፉ አወጣታለሁ። ሞኝነት ነው፤ ግን እንዲያ ነበር ያሰብኩት። ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ችግሩ ባለቤቴ የሄደው በቅበላ ሳምንት መሆኑ ነው። በሄደ ማግስት ዐቢይ ጾም ገባ። “ትንሽ ሥጋ በእጅ ይዞ” ይላል ወረቀቱ፤ እኔ ደግሞ በጾም ቤቴ ሥጋ አላስገባም። እናቴ ቤት በሁዳዴ ቅባት የነካው ድስት እንኳ ታጥቦ ይሰቀል ነበር። ስለዚህ ቡችላውን አስጾምኩት። ቁርሱ ሽሮ በእንጀራ፣ ራቱ ሽሮ በእንጀራ። ለትምህርቱ ደግሞ የገብስ ቆሎ በእጄ ይዤ “ቁጭ በል፣ የኔ ቆንጆ፣ ቁጭ በልልኝ” እለዋለሁ። ቆሎውን አሽትቶ ያስነጥሳል። እጎትተዋለሁ፣ አቅፈዋለሁ፣ ጆሮውን እየሳምኩ እለምነዋለሁ። እሱ ላዬ ላይ ይወጣና ቀሚሴን በጭቃ አበላሽቶ ይሮጣል። ሩብ ሰዓት የተባለው አንድ ሰዓት ይሆናል። በየቀኑ እንዲሁ ነው።

ግቢያችንን ከጎረቤት የሚለየው ወገቤ ድረስ የሚመጣ የጥድ አጥር ነበር። ከአጥሩ ማዶ ስድስት ልጆች ያሏቸው ሴት ይኖራሉ። ከጉራጌ አገር የመጡ ሙስሊም ናቸው፤ ባለቤታቸው መገናኛ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አላቸው። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። አርባ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ እርምጃቸው የማይቸኩል ሴት ናቸው። ቡችላው በአጥሩ ሥር ቀዳዳ አበጅቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባባቸው ቀን ግን ጩኸታቸው መንገድ ድረስ ተሰማ።

“ያ ረቢ! ያዢልኝ! ለሶላት ታጥቤ ውዱእ አድርጌያለሁ፣ ልብሴን እንዳይነካኝ!”

እየሮጥኩ ሄጄ ያዝኩት። ይቅርታ ስጠይቃቸው የቀሚሳቸውን ጫፍ እንደሰበሰቡ ሳቁ።

“ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም” አሉኝ። “ከምራቁ ጋር ነው። ምራቁ ከነካኝ ሰባት ጊዜ ማጠብ አለብኝ፤ አንዱን በአፈር። የውሃውን ወረፋ ደግሞ ታውቂዋለሽ።” ከዚያ ጎንበስ ብለው በሩቁ አዩት። “ምነው ጎኑ ቀጠነ? አይበላም እንዴ?”

“ጾም እኮ ነው፣ እትዬ።”

“ውሻውም ይጾማል?”

“ቤቱ ሲጾም እሱም ይጾማል እንጂ” አልኳቸው፣ በኩራት። የቡችላውን ጎድን አጥንቶች በዓይናቸው ቆጠሩ።

የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። እትዬም ተማሪዬ ናቸው። ትንሿን ልጃቸውን አዝለው ፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ፊደሉ ቶሎ አልያዝ ብሏቸው ነበር፤ ዛሬ ያሉትን ነገ ይረሱታል። እኔም ታጋሽ መምህር ነበርኩ ማለት አልችልም። ቢሆንም አልከፋንም፤ ከክፍል በኋላ አብረን ወደ ቤት እየሄድን ስለ ስኳር ራሽንና ስለ ልጆቻቸው እናወራለን።

ጾሙ እኩሌታ ላይ ሲደርስ አንድ ቀን መሥሪያ ቤታችን ለሰልፍ ወጣ። ሰልፉ ቶሎ ስለተበተነ ወደ ሥራ ከመመለስ ይልቅ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ቤት መግባት ልማዴ አልነበረም፤ ምሳዬን የምበላው መሥሪያ ቤት ነው። የግቢውን በር ከፈትኩ፤ ቡችላው የለም። በአጥሩ ላይ ቀና ብዬ አየሁ።

ማዶ፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ቁጭ ብሏል። የእኔ ቡችላ። እግሮቹን ገጥሞ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ መጽሐፏ ላይ እንዳለው ሥዕል ቁጭ ብሏል። “ና! ና የኔ ቆንጆ!” አልኩት። ጆሮው ብቻ ተንቀሳቀሰ። ዓይኑን ከፊቱ ካለው ክፍት በር አልነቀለም። በበሩ በኩል እትዬ ምንጣፋቸው ላይ ሲሰግዱ ይታያሉ። ሲነሡ፣ ሲሰግዱ፣ ሲቀመጡ እሱ እንደዚያው ነው። ሰገዱና ጨረሱ፣ ምንጣፉን አጠፉ፣ ወጡ፤ አሁንም እንደዚያው ነው። ከቆርቆሮ ክዳን ሥር አንድ አጥንት አነሡና ወደ ግቢያቸው ጥግ ወረወሩ።

“በቃ!” አሉት። ተፈናጥሮ ሄደ።

እትዬ አዩኝና ፊታቸው በራ። “መጣሽ? አየሽው? ጨዋ ሆኗል እኮ!”

“አየሁ” አልኩ።

የተሰማኝን ልደብቅ አልፈልግም። ባሌን ከሌላ ሴት ጋር ያገኘሁት ያህል ነው የተሰማኝ። እኔ አራት ሳምንት ሙሉ ተንበርክኬ የለመንኩትን እሳቸው ሳይነኩት፣ ሊነኩት እንኳ ሳይፈልጉ አገኙት። ስድስት ልጆች አሏቸው፤ ባላቸው ማታ ማታ ይገባሉ፤ ቤታቸው ከጧት እስከ ማታ ሲንጫጫ ይውላል። በዚህ ሁሉ ላይ የእኔን ውሻ ጨመሩ። ምን ያደርግላቸዋል? ደግሞ በሥጋ! እኔ ያለሥጋ ስታገል እሳቸው በአጥንት ልቡን ሰረቁት። ያስራብኩት እኔ መሆኔ ያን ቀን ጨርሶ አልታየኝም።

ቀዳዳውን በአሮጌ ቆርቆሮ ደፈንኩና ድንጋይ አስደገፍኩበት። ቡችላውን አሠርኩት። በማግስቱ እትዬ በአጥሩ ላይ “ዛሬ ሲያለቅስ ዋለ፣ አመመው እንዴ?” ብለው ሲጠይቁኝ “እኔ እንጃ” ብዬ ገባሁ። ይህ ግን ከሠራሁት ሁሉ ትንሹ ነው።

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ እትዬን ጥቁር ሰሌዳው ፊት አስነሣኋቸው። ገና ያላስተማርኩትን ዓረፍተ ነገር ጽፌ “ያንብቡ” አልኳቸው። አዳራሹ ውስጥ አርባ የሚሆን ሰው አለ። የልጃቸውን ማዘያ አስተካከሉና የመጀመሪያዋን ፊደል አነበቡ። ሁለተኛዋን ተሳሳቱ። “እንደገና” አልኩ። ተሳሳቱ። “እንደገና።” ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እትዬ አልተቆጡም፤ ዞረው አዩኝ፣ ምን አድርጌሽ ነው የሚል አስተያየት ነበር። “ይቀመጡ” አልኳቸው። ደስ አለኝ። በእውነት ደስ አለኝ፤ ቤቴ እስክደርስ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቀሩ። ሲመለሱ የኋለኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ የባለቤቴ ደብዳቤ መጣ። ከፋሲካ በኋላ በአምስተኛው ቅዳሜ እገባለሁ ይላል። “አደራ፣ ውሻውን አይቼ ልደነቅ” ይላል። ውሻው ግን ከመታሠር በስተቀር የተማረው ነገር የለም። ሲፈታ ይዘላል፣ ስጠራው ይሸሻል፤ ፋሲካ አልፎ ሥጋ ሳሳየው ደግሞ ከነጣቴ ሊውጠው ይደርሳል። ሰባት ቀን ሲቀረኝ ኩራቴን ዋጥኩ። መሥሪያ ቤት ራሴን አሞኛል ብዬ ፈቃድ ወሰድኩ፣ ቆርቆሮውን ከቀዳዳው አነሣሁ፣ ውሻውን ፈታሁና ከተሰጣው አንሶላ ኋላ ተደብቄ ማዶ ማየት ጀመርኩ። በገዛ ግቢዬ እንደ ሌባ ማለት ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ከቧንቧው ታጥበው ተነሡ። ቡችላው በቀዳዳው ሾልኮ እየሮጠ ሄደባቸው። አልጮኹም። የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰበሰቡና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። እሱ ቆመ። እጃቸውን ከፍ አድርገው አንድ እርምጃ ጨመሩ። ቁጭ አለ። “ቆይ እንግዲህ” አሉት፣ ለልጅ እንደሚናገሩ፣ ዞረውም ሳያዩት ገቡ። ሶላታቸው እስኪያልቅ ጠበቃቸው።

ምሥጢሩ ይኸው ነበር። ምራቁን ስለሚሸሹ ይርቁታል፤ ሲርቁት ይቀመጣል። ለስግደታቸው ንጹሕ ሆነው ለመግባት ሲሉ በየቀኑ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ያለ ቁጣ ይህንኑ አድርገዋል። የእኔን ወረቀት ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱ የሚለውን ሁሉ ግን ፈጽመዋል። እኔ ሁልጊዜ ወደ እሱ ነበር የምሄደው፤ አቅፌ፣ ጎትቼ፣ ለምኜ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቀሚሴን ሰብስቤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ቡችላው ግራ ገብቶት አየኝ። ሁለተኛ እርምጃ ስጨምር ቁጭ አለ። አለቀስኩ፤ በደስታ ይሁን በንዴት አላውቅም። የቀረውን ሳምንት ጧትና ማታ አለማመድኩት። ለእኔ የሚቀመጠው እስከ አሥር እስክቆጥር ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ አጥሩ ያያል። ይሁን፣ አሥር ይበቃኛል አልኩ።

ባለቤቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት የሥራ ጓደኞቹን አስከትሎ ገባ። ሻንጣው መሬት ሳይነካ “የታል?” አለኝ። ቀሚሴን ሰበሰብኩ፣ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ እጄን አነሣሁ። ቁጭ አለ። “ቆይ” አልኩት፤ ቆየ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ባለቤቴ አፉን ከፍቶ ቀረ።

“ማን አስተማረው?” አለኝ።

“ማን ይሆናል? እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለው?”

ይህን ብዬ ቀና ስል እትዬ አጥሩ ጋ ቆመው አየኋቸው። እንኳን ደህና መጣህ ሊሉት ንጹሕ ሻርፕ ለብሰው ወጥተዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። ባለቤቴ ሰላም ካላቸው በኋላ እየሳቀ “እውነት ነው፣ እትዬ? እሷ ናት ያስተማረችው?” ብሎ ጠየቃቸው።

“እሷው ናት” አሉ እትዬ። “እኔን ፊደል ያስቆጠረች ውሻ ያቅታታል?”

ሁሉም ሳቁ። ባለቤቴ ትከሻዬን አቅፎ “ጎሽ! ጎሽ የኔ እመቤት!” አለኝ፣ በሰው ፊት። ሦስት ወር ሙሉ የጠበቅኳት ቃል መጣች። ራት ሳቀርብ ወጡን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት።

እሑድ በስድስት ሰዓት ተኩል ቡችላው በቀዳዳው ወጣና ቧንቧው አጠገብ ቁጭ አለ። እትዬ በዚያን ቀን ውሃቸውን በጆግ ቤት ውስጥ አስገብተው ነበር። በራቸው ተዘግቷል። እሱ ግን ጠበቀ። ባለቤቴ ደጋግሞ ጠራው። እኔም “በቃ! በቃ!” አልኩት። ዞሮ አየኝና ፊቱን ወደ በሩ መለሰ። ሰኞም እንዲሁ ሆነ፤ ይህንኑ ለማየት ከሥራ መጥቼ ነበር። ቤቴ ማንም የለም። አጥሩን ዞሬ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

“እትዬ፣ ቅዳሜ ለምን ዋሹልኝ?”

ትንሿ ልጃቸው ቀሚሳቸው ላይ ተንጠልጥላለች። ከውስጥ ሌሎቹ ሲጣሉ ይሰማል። እትዬ ወደ ውስጥ ዞረው “ዝም በሉ!” አሉ፤ ማንም አልሰማቸውም።

“ይኸው ታያቸዋለሽ” አሉኝ። “የእኔዎቹ ስድስት ናቸው። ያንቺ አንድ ነው። እሱን ደግሞ ልቀማሽ?”

ቢቆጡኝ፣ ሰሌዳው ፊት ያደረግኳቸውን ቢያነሡብኝ እችለው ነበር። እኔ ስንት ቀን ተቀናቃኝ አድርጌ ስጠላቸው እሳቸው ሲያዝኑልኝ ነው የከረሙት። አጥንቱንም የወረወሩት ስለራበው ነው። ከዚያን ቀን በፊት እንደዚያ በማንም ቀንቼ አላውቅም፤ አሁን የቀናሁት ግን ስለ ውሻው ሳይሆን በልባቸው ነበር።

“ይቅር ይበሉኝ” ያልኩ ይመስለኛል። እሳቸው ከደጃፉ ወጥተው ቀሚሳቸውን ሰበሰቡና ቧንቧው አጠገብ የተቀመጠውን ቡችላ በሩቁ አዩት።

“በቃ” አሉት በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው። “ወደ እናትህ ሂድ።”

ተነሣ። ጭራውን እየቆላ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና እግሬ ሥር ቁጭ አለ። እሳቸው ስላዘዙት ነው የመጣው።